እሱ ቀጥ ሲል

አባቴ ከሹፍርና የታገደው አውቶቡስ ገጭቶ ወይም ገልብጦ አይደለም፤ አውቶቡሱ ቆሞ ሳለ ነው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ በሮቹን ከፍቶ ወራጁን አወረደ፣ አዲሱን ተሳፋሪ ጫነ፣ ከዚያ መሪውን እንደያዘ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ መጀመሪያ በትዕግሥት ጠበቀ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ወደ ፊት ሄዳ ትከሻውን ነካ አደረገችና አኩርፎ እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ዞር ብሎ፣ «እንሂድ?» አላት። ሄዱም፤ ሁሉም በሰላም ገባ። ወሬው ግን ከአውቶቡሱ ቀድሞ ጋራዥ ደርሶ ኖሮ፣ አለቃው ሐኪም መርምሮ «መንዳት ይችላል» ብሎ እስኪፈርምለት ድረስ መሪ እንዳይነካ ነግሮ ወደ ቤት ሰደደው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። ገና ፊደል በቅጡ ያልለየሁ ልጅ ነበርኩ። ለእኔ የተነገረኝ አባዬ ዕረፍት እንደወጣ ነው፤ ያየሁት ደግሞ ዕረፍት የወጣ ሹፌር ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ነው። እናቴ ድስት ስታወርድ «ቀስ፣ ቀስ፣ በግራ በኩል ቦታ አለሽ» እያለ ያስወርዳታል። እኔ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስሮጥ በሩ ላይ አስቁሞ ግራና ቀኝ እንድመለከት ያደርገኛል። ሶፋውን ሦስት ቦታ አዘዋውሮ በመጨረሻ መጀመሪያ የነበረበት መለሰው። እናቴ ነፍሷ ሲሰለቻት ወንድሟን ጠርታ፣ ይህንን ሰውዬ የሚያስቀምጥልኝ ነገር ፈልግ አለችው።

አጎቴ ስልክ ጠጋኝ ነበር። ደንበኞቹ ትተውለት ከሄዱት ኮተት ገጣጥሞ አንድ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። በእሱ አነጋገር ለጌም የተሠራ አውሬ ነው፤ በእናቴ አነጋገር የጫማ መደርደሪያ የሚያህል ማሞቂያ። በውስጡ ሦስት ጌም ነበረው፤ ካርታ፣ ኳስና አውቶቡስ። ካርታውንና ኳሱን አባቴ ሰው እንዳይቀየመው ያህል ሞከራቸው። አውቶቡሱን ሲያይ ግን ወንበሩን አስተካከለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና እኔን ከመንገድ ላይ ዞር በይ አለኝ።

የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚታሰር እውነተኛ የሚመስል ጥቁር መሪ አብሮ መጥቶ ነበር። ፔዳሎቹ የት እንደቀሩ አይታወቅም፤ ነዳጁም ፍሬኑም መሪው ላይ ባሉ ቁልፎች ነበር የሚሠሩት። አባቴ ይህንን እንደ ነውር ቆጥሮት ብዙ ጊዜ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ እግር የሌለው ሹፌር አይቼ አላውቅም ይል ነበር።

በማግስቱ የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ሁሉ ከኋላው ተደረደሩ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ከፎቃችን በታች የሚኖሩት ጡረተኛው ትራፊክ ፖሊስ ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ ሥራ ከፈቱ ወዲህ ሰው የሚቆጡበት ቦታ አጥተው ስለነበር ጌሙን እንደ መድኃኒት ወሰዱት። አባቴ ሁሉም ሳይቀመጥ አይነሳም። እናቴ ብቻ አልሳፈርም ብላ ወጥ ቤት ቀረች።

መንገዱ መሀል አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። ከታች ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆች ይሻገራሉ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቀዘቅዛል፤ ከማቀዝቀዝም አልፎ ከወገቡ ቀና ብሎ መላ ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ልክ እዚያች ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ማራገቢያው ዝም አለ፣ እኛም ከነወንበራችን ሳሎን ውስጥ ቀረን።

መልሰን አስነሳነው። ጌሙ ከመጀመሪያው ፌርማታ ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ ደረስን፤ ድርግም።

ትራፊኩ ምክንያቱ ፍጥነት ነው አሉ። በማግስቱ ጠመኔ ይዘው መጥተው ጠረጴዛውን ከነእግሮቹ ከበቡት፣ ከኮምፒውተሩ እስከ ግድግዳው ለኩ፣ ከተሳፋሪዎችም ቃል ተቀበሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ተሳፋሪዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹን እንገጫቸዋለን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ምንም አላየሁም ብል፣ ይህም ራሱ ምስክርነት ነው ብለው ተቀበሉኝ። እናቴ በኋላ ወለሉን እያስወለወለቻቸው «በእኔ ቤት አደጋ አልደረሰም» ስትላቸው ሰማሁ፤ ድምጿ ለምን እንደዚያ እንደተንቀጠቀጠ አልገባኝም።

አጎቴ በበኩሉ ነገሩን እንደ ክብር ጉዳይ ያዘው። ጎኑን በካቻቢቴ ከፍቶ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። አልዳነም። ሚሞሪውን አውልቆ ጥርሶቹን በእኔ ላጲስ ፈግፍጎ መለሰው። አልዳነም። ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው፣ ማራገቢያውን ቀየረው፣ ጎኑን ከፍተን እንድናሳድረው አዘዘ። አልዳነም። የሚገርመው ደግሞ ካርታ ስትጫወት ጤነኛ ነው፤ ኳስ ስትጫወት ጤነኛ ነው። ይባስ ብሎ አጎቴ ራሱ እግሩን ወንበሩ ላይ አጣጥፎ አውቶቡሱን ሲነዳ ቁልቁለቱን እያፏጨ ያልፈዋል። አባቴ ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚጠፋው።

አንድ ቀን ራት ላይ አጎቴ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ያለ ጥርጥር ችግሩን ደረስኩበት አለ።

«ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት።»

 እናቴ የወንድሟን እግር በጠረጴዛው ሥር እንደረገጠችው የገባኝ አጎቴ ስለዘለለ ነው። አባቴ አፉን ጠርጎ ተነሳ። «በዚህ ቤት ድራይቨር እኔ ነኝ» አለ፤ «ገና አላረጀሁም።» አጎቴ ከኋላው እየተከተለ የኮምፒውተሩን ነው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ድራይቨር የሚባል ነገር አለ፣ ሰው አይደለም እያለ ቢምልም ለብዙ ቀን አልተነጋገሩም። እኔም ብሆን አላመንኩትም። አውቶቡስ ካለ ድራይቨር አለ፤ ድራይቨር ደግሞ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እናቴ እኔን ወጥ ቤት መጥራት የጀመረችው።

እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ለሰው ስታወራ «እሱ» ነው የምትለው። «እሱ መጣ»፣ «እሱ አልበላም»። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ ሁለት እሱ ነበሩ፤ እኔ የማስበው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስለ አዲሱ ነበር። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቁመቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱ ቀጥ ሲል አይተሽዋል?» ስትለኝ ስለማን እንደምትጠይቀኝ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

«ዛሬም ቀጥ አለ» አልኳት።

«ምን ይሆናል? ደህና አድርገሽ ንገሪኝ።»

መጀመሪያ እንደ ንብ ይጮሃል አልኳት። ከዚያ ይሞቃል። ከዚያ ፊቱ በሙሉ ጥቁር ይላል። እናቴ የሽንኩርቱን ቢላ አስቀመጠች። ሲነሳስ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አይልም አልኳት፤ ሲነሳ ግን የት እንደነበረ አያስታውስም፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ፌርማታ ነው የሚጀምረው።

አለቀሰች። እኔ ከሽንኩርቱ መስሎኝ መስኮቱን ከፈትኩላት።

እናቴ ያን ሰሞን ምን ታስብ እንደነበር የነገረችኝ አድጌ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም እንደሌለበት ደምድማ ነበር። ወንድሟ ሲነዳው የማይጠፋ፣ ባሏ ሲነዳው የሚጠፋ ዕቃ ከየት ይመጣል? የሚጠፋው ባሏ ነው፤ ሲነቃ አፍሮ ኮምፒውተሩን ይወነጅላል ብላ ነበር። እኔም ዕለት ዕለት ወጥ ቤት እየገባሁ ማስረጃ አቀርብላት ነበር።

የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ ሦስታችንም ሄድን። አባቴ ከሰርጉ ወዲህ ያልለበሰውን ኮት ለብሷል። ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ የሚፈልጉ ደልዳላ ሰውዬ ናቸው። የአባቴ የጭንቅላት ምርመራ ውጤት ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ንጹሕ ነው አሉ። አባቴን ደም እንዲሰጥ ወደ ሌላ ክፍል ሲልኩት እናቴ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባ፣ እሱ ያልነገረዎት ነገር አለ አለች። ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ቀጥ እንደሚል፣ በየቀኑም ሊሆን እንደሚችል፣ ልጅቱ በዓይኗ እንዳየች ነገረቻቸው። ዶክተሩ ፊታቸው ከበደ። ወረቀት ስበው ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እሱ ሲጠፋ አጠገቡ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቁልፉን እጫነዋለሁ።»

«የትኛውን ቁልፍ?»

«ከፊት ለፊቱ ከታች ያለውን። አረንጓዴ የሚበራውን።»

ዶክተሩ እናቴን አዩዋት። እናቴ እኔን አየችኝ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ትንሽ ያንጎራጉርና የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።»

ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያላመኑኝ ስለመሰለኝ፣ ሕክምናውን ቸል እንዳላልን እንዲያውቁት ብዬ የቀረውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አጎቴ ጎኑን በካቻቢቴ ከፍቶ አቧራውን እንደጠረገለት። አሁንም እንዳይሞቀው ጎኑ ተከፍቶ እንደሚያድር። ሚሞሪውን አውልቆ በላጲስ ፈግፍጎ እንደመለሰው።

«ሚሞሪውን በላጲስ» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው።

«አዎ። ግን አልተሻለውም።»

ሰውዬው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሳቸውም ታመሙ ብዬ ደነገጥኩ። እናቴ ቦርሳዋን አንስታ ፊቷ ላይ ያዘችው፤ ከቦርሳው በስተኋላ ትስቅ ይሁን ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። ቆይቼ ስጠይቃት ራሷም እንዳልለየችው ነገረችኝ።

አባቴ ክንዱ ላይ ጥጥ አስለጥፎ ሲመለስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጠርጉ አገኘ። ዶክተሩ ነገሩን ካስረዱት በኋላ፣ ለማወቅ ያህል እስቲ እንዴት እንደምትነዳ አሳየኝ ብለው ጠረጴዛቸው ጋ አስቀመጡት። አባቴ መጀመሪያ አፈረ። በኋላ ግን እጆቹን አየር ላይ አነሳ፣ ወገቡን አቀና፣ በዓይኑ መንገድ ፈለገ። ዶክተሩ አሁን ቁልቁለቱ መጣ፣ ከፊትህ ልጆች እየተሻገሩ ነው አሉት። አባቴ ሃያ ዓመት እንደለመደው ቀኝ እግሩን አንስቶ ረገጠ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ተንኮታኮተ። ጎንበስ ብለን ስናይ የዶክተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቷል።

እናቴ ቅርጫቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በቤታችን ጠረጴዛ ሥር፣ ከምንጣፉ በታች፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው እንዳለ፣ ሶኬቱም ከድሮም የላላ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረች። አባቴ ቁልቁለቱ ላይ ከወገቡ ቀና ብሎ ፍሬን በያዘ ቁጥር ማከፋፈያውን ይረግጠዋል፤ ሲረግጠው መብራቱ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ካርታና ኳስ ደግሞ ፍሬን የላቸውም።

ዶክተሩ ይህንን ሁሉ ሰምተው፣ እንግዲህ የፌርማታው ነገር የአንድ ቀን ድካም ነው ማለት ነው አሉ። ከዚያ ሌላ ሆኖ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ እኔ እስከማውቀው የለም አለ። እናቴም የለም አለች፤ ሌላው ሁሉ የኮምፒውተሩ ነበርና። ዶክተሩ መንዳት ይችላል ብለው ፈረሙ፣ ማህተም መቱ፣ ለእኔም የምላስ መያዣ እንጨት መርቀው ሰጡኝ።

ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። እናቴ ከፊታችን ተቀምጣ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኛች አሁን ነው የሚታየኝ። አባቴ ወረቀቱን በደረት ኪሱ አድርጎ በየጊዜው በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ሹፌሩ የሥራ ባልደረባው ስለነበረ በመስተዋቱ እየተያዩ ይሳሳቁ ነበር። ያን ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም፤ ችግሩን ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። እናም አባቴን ደስ የሚያሰኘው ነገር ልንገረው ብዬ ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«አንተ ከእሱ ትሻላለህ» አልኩት።

«በምን?»

«አንተ ስትጠፋ ቁልፍ አያስፈልግህም። ዝም ብዬ ስጠብቅህ ራስህ ትመጣለህ።»

መዳፉ ደረቱ ላይ ቀረ።

«እኔ መቼ ጠፋሁ?»

አንዱን ቀን ነገርኩት። ሾርባ ስንበላ ማንኪያውን አፉ ጋ ሳያደርስ አየር ላይ ያቆየበትን፤ እያወራሁት ስለነበረ ወሬዬን አቁሜ እንደጠበቅኩት፣ ሲመለስ ሾርባው ቀዝቅዞ እንደነበረ። ሌላም ቀን ጫማዬን ሲያስር ክሩን እንደያዘ የቆየበትን ነገርኩት። ደረጃው ላይም አንዴ። እየሳቅኩ ነበር የምነግረው፤ ለእኔ የአባቴ ጠባይ ነበር፤ የሌላው ሰው አባት እንደሚያንኮራፋ ያለ።

«ለምንድነው ያልነገርሽው?» አለኝ። የተቆጣ አልመሰለኝም።

«ማንም ስለ አንተ አልጠየቀኝማ።»

አባቴ ወደ ፊት ማየት ጀመረ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው እየጫነ ነበር። ሕፃን ያዘለች ሴት ስትገባ፣ አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን አስቀድመው ሲወጡ፣ ደብተር ያቀፉ ሁለት ተማሪዎች እየተጋፉ ሲገቡ እያንዳንዳቸውን በዓይኑ እስከ መቀመጫቸው ሸኛቸው። በሩ ሊዘጋ ሲል ተነሳ። የእናቴን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ ሐኪም ቤት የረሳሁት ነገር አለ፣ እናንተ ሂዱ አላት። ወርዶ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግሮ በመጣንበት አቅጣጫ ሲራመድ በመስኮቱ አየሁት። እናቴ ምን ረስቶ ነው ብላ ብትጠይቀኝ ባርኔጣውን ይሆናል አልኳት፤ ባርኔጣ ግን አድርጎ አያውቅም።

ማከፋፈያውን አጎቴ መጥቶ ከግድግዳው ጋር አሰረው። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። አባቴን ሐኪሞቹ ዕድሜ ልኩን የሚውጠው ኪኒን ሰጡት፤ ጋራዡም በግቢው ውስጥ አዳዲስ ሹፌሮችን እንዲያሠለጥን መደበው፤ ከግቢው በር ውጭ ግን አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ ቁጡ ነበር ይላሉ። ያን ቀን ሐኪም ቤት ተመልሶ ለዶክተሩ ያላቸውን አልነገረንም፤ ዶክተሩ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ለመቅደድ እንዳመነቱና የቀደደው እሱ ራሱ እንደሆነ እናቴ ከሳቸው ከአፋቸው ሰምታለች።

እኔ ግን ያን ዕለት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬ አንድ ነገር ረስቶ ሊያመጣ ሄዷል። ሲመሽ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ከተሳፋሪዎቹ ወንበር የመጀመሪያው ላይ ተቀመጠ። ሮጬ ሄጄ እጁን አየሁት። ባዶ ነው።

«የረሳኸውን አመጣኸው?» አልኩት።

«አይ» አለኝ። «እዚያው ትቼው መጣሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ መንገድ ለአንድ ዕቃ ተመልሶ ሄዶ፣ አግኝቶት፣ ትቶት የሚመጣ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለአጎቴ ነገርኩት፤ አጎቴ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ካቻቢቴውን ያገላብጣል። አባቴ ሳቄን እያየ ቀስ በቀስ እሱም መሳቅ ጀመረ፤ እኔ ይበልጥ ሳቅሁ። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቀርባ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች፤ እኔን ሲያተኩሰኝ እንደምታደርገው። ትኩሳት እንደሌለው ካወቀች በኋላም አላነሳችውም።